ከጥምቀት በኋላ ባዶ የሚቀረው ሰንበት ትምህርት ቤት

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ሲሆን አሁን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በሰፈራችን ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ አገልግያለሁ፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነኝ።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ኅዳር ላይ የጥምቀት መዝሙር ጥናት ሲጀመር ልጆች ይጎርፋሉ። ዘንድሮ 90 ልጅ መዝግቤ ነበር። እናቶች የደንብ ልብሱን ነገር ለመጠየቅ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣሉ። ጥር 10 ታቦታቱን አጅበን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስንወርድ የልጆቻችንን ሰልፍ ያየ ሁሉ ይመርቀናል። ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ ግን አይታዩም። መጋቢት ላይ ቆጠርኳቸው፤ 15 ናቸው።

ትልልቆቹማ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ይጠፋሉ። ከበሮ ይመታልን የነበረ አንድ ልጅ ፒያሳ አግኝቼው “ምነው ጠፋህ?” ብለው፣ “እትዬ፣ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ የኖኅን መርከብ ቀለም ስቀባ ነው ያደግኩት። አሁንም ስመጣ መርከቡ እዚያው ነው” አለኝ። ስቄ ተለየሁት፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

አዳራሻችን ለአዲሱ ሕንፃ ሥራ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ማከማቻ ከሆነ ወራት ተቆጥረዋል። ልጆቹን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር አስተምራለሁ፤ ይንጫጫሉ፣ አያዳምጡኝም። ለሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር፣ የአባቴ የቅርብ ወዳጅም ናቸው፣ ጉዳዩን ባነሣላቸው “ልጅ በቅዳሴ ጊዜ ዝም ካለ ይበቃል፤ መጀመሪያ ሕንፃው ይለቅ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳገኛቸው ሰላምታ መስጠት እንኳን ይከብደኛል።

በዚህ ላይ በሐምሌ ወር በሚደረገው ምርጫ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሊቀ መንበር እንድሆን ጓደኞቼ ወስነዋል። እጮኛዬ ደግሞ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው። ሠርጋችንን ሁለት ጊዜ ያራዘምነው በእኔ ምክንያት ነው። እናቴ “የሰው ልጅ ስታሳድጊ የራስሽን ሳትወልጂ” ትለኛለች። ልሂድ ወይስ ልቆይ? ብሄድ እነዚያን 15 ልጆች ማን ይይዛቸዋል? ብቆይስ ምን ባደርግ ይሻላል?

ደክሞኛል፣ ከጎንደር

መልስ

እኅቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጠላልፈዋል። አንዱ ልጆቹ እንዴት ይቆዩ የሚል ነው፤ ሌላው አንቺ ትቆዪ ወይስ ትሂጂ የሚል። አንቺ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ አንጠልጥለሽዋል። ልጆቹ ከበዙ በሰላም እሄዳለሁ፣ ካልበዙ ግን መሄዴ ክህደት ነው የምትዪ ይመስለኛል። እስቲ ለየብቻ እንያቸው። የሠርግሽን ነገር አልረሳሁትም፤ እመለስበታለሁ።

ስለ 90ዎቹ ብዙ ነገርሽን፤ ስለ 15ቱ ግን ቁጥራቸውን ብቻ ነው የጻፍሽው። እነማን ናቸው? ጥምቀት አልፎ፣ ልብሱ ታጥፎ ሣጥን ከገባ በኋላ፣ አዳራሹን ሲሚንቶ ይዞት ሳለ ዛፍ ሥር ለመቀመጥ የሚመጡት ለምንድን ነው? የአንዷ እናት ሁልጊዜ አስቀዳሽ ትሆናለች። የሌላው ታላቅ እኅት መዝሙር ክፍል ውስጥ ትኖራለች። አንዱ ደግሞ ምናልባት ታሞ በተኛበት ሰሞን ቤቱ ድረስ ሄደሽ ጠይቀሽዋል። አንቺ መምህርት ነሽ፤ ልጅን ሳታስጨንቂ ማናገር ታውቂበታለሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ከትምህርቱ በፊት አንድ በአንድ ጠይቂያቸውና መልሳቸውን ደብተር ላይ ጻፊው። የቀሩት 75ቱ ለምን እንደቀሩ ከማንም በላይ የሚነግርሽ ይህ ደብተር ነው። ልጅ የሚቆየው በስሙ የሚጠራው፣ ሲቀር “የት ነበርክ?” የሚለው ሰው ያገኘበት ቤት ነው። አንድ ሰው ደግሞ 90 ልጅ በዚህ መንገድ ሊያውቅ አይችልም። የሥራሽ ችግር ሁሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ የልጆቹ ማነስ ሳይሆን ልጆቹን የምታውቂው አንቺ ብቻ መሆንሽ።

ጥምቀትንም አትጥዪው። ጎንደር ውስጥ ለሚያድግ ልጅ በከተራ ዕለት ነጭ ለብሶ፣ ከታቦቱ ፊት እየዘመረ ወደ ቀሃ ወንዝ መውረድን የመሰለ ነገር የለም። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ከመመዝገቡ ከብዙ ዘመን በፊት የጎንደር ልጅ ዋጋውን ያውቀዋል። 90 ልጅ በራሱ እግር ደጃችሁ ድረስ መምጣቱ ሌላው ደብር የሚመኘው ነገር ነው። ለጥር 11 ሁለት ወር ሙሉ ታጠናላችሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ ለሚመጣው እሑድ ግን ምን አዘጋጅታችኋል? ምንም የሚጠብቃቸው ነገር ከሌለ ልጆቹ ሥራችን አለቀ ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

የዘንድሮው አልፏል፤ ለሚቀጥለው ግን ከአሁኑ ብታስቢበት መልካም ነው። ልጆቹን ስትመዘግቢ ከስማቸው ጋር የወላጅ ስልክና ሰፈራቸውን ጻፊ። ለእያንዳንዱ ትልቅ ልጅ በሰፈሩ ያሉ አምስት አምስት ሕፃናት ስጪው፤ ወደ ጥናት ሲመጡም ሲመለሱም አብሯቸው ይሂድ። ሰልፉ ላይ የተነሡትን ፎቶግራፍ አሳትማችሁ ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ለመጣ ልጅ ብቻ ስጡ። ትንሽ ማባበያ ናት፤ ምንም ነውር የለባትም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፦ ከ90ዎቹ መካከል ልብስ ማሰፋት ያልቻሉ እናቶች ስንት ነበሩ? በዚህ የኑሮ ውድነት የደንብ ልብስ ዋጋ ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም። ልብሱ ያልደረሰለት ልጅ ሰልፉ ላይ ከቀረ በየካቲት አይመጣም፤ እናቱም ደጃችሁን ታፍራለች። ልብሶቹ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ንብረት ሆነው በየዓመቱ እየታጠቡ ቢተላለፉ ማንም ከማንም አይለይም።

ይንጫጫሉ ያልሽው ደግሞ ከሥነ ሥርዓት ጉድለት የመጣ አይመስለኝም። የሚቆርቡ ልጆች ከሆኑ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በማለዳ ተነሥተው፣ ቅዳሴውን ቆመው፣ ቆርበው፣ ጸበል ጠጥተው ሦስት ሰዓት ሲሆን ዛፍ ሥር ሰብስበሽ ስለ አብርሃም ብትነግሪያቸው የሚሰማሽ ባዶ ሆዳቸው ነው። ከእናቶች ጋር ተነጋግረሽ በየሳምንቱ ተራ የያዘች እናት ዳቦ ይዛ ትምጣ፤ ካልሆነም ትምህርቱን ወደ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት አዙሪው። ከቅዳሜው የምታገኚው ሌላም ጥቅም አለ። በአሁኑ ሁኔታ ወላጅ ልጁን ከመሸ ከቤት ማውጣት ይፈራል፤ በጠራራ ፀሐይ ከሆነ ግን ይልካል።

ፍልሰታንም አስቢው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ማንም ሳይጠራቸው በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ጾሙን ከአዋቂ ጋር ተሽቀዳድመው ይጾሙታል፤ ቅዳሴው እስኪገባም ግቢው ውስጥ ይሯሯጣሉ። ከዚያች ጊዜ ላይ ሃያ ደቂቃ ብቻ ውሰጂ፤ የፍልሰታ ልጅም ይራባልና ከዚያ አታስበልጪው። ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን አንድ ክፍል በዜማ ብታስይዣቸው ጾሙ ሲፈታ ሰባቱንም ቀን ቀምሰውታል። እኔ ብሆን ዓመቱን ከኅዳር ሳይሆን ከነሐሴ እጀምረው ነበር።

አሁን ወደ ከበሮ መቺው ልጅ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የያዘው እርሱ ነው። ያን ቀን ያለቀስሽው ሰደበኝ ብለሽ ከሆነ አልሰደበሽም። ሊሸሽሽ ቢፈልግ መንገዱን ቀይሮ ያልፍ ነበር፤ እርሱ ግን ቆሞ፣ እየቀለደ እውነቱን ነገረሽ። የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ የሚያናግረው የሚወደውን ሰው ነው።

ነገሩም እውነት ነው። መርከቡን ለአራት ዓመት ልጅ በቀለም ታስቀቢያለሽ፤ ይሁን። ለ16 ዓመቱ ልጅ ግን ኖኅ ከመርከብ ከወረደ በኋላ የሆነውን ማን ነገረው? ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ላይ ያ ጻድቅ ሰው ወይን ተክሎ፣ ከወይኑ ጠጥቶ፣ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ተራቁቶ ይገኛል። አንዱ ልጁ የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ለወንድሞቹ ያወራል፤ ሁለቱ ፊታቸውን አዙረው ይሸፍኑታል። አባቱ የሚጠጣ፣ ወይም የሚያከብረው ትልቅ ሰው ወድቆ ያየ ወጣት በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሊወያይ ይችላል። በዕድሜ የተከፈለ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እናንተ ዘንድ መኖር አለመኖሩን አጣሪ፤ ከሌለ ወይም መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ከወረዳው ቤተ ክህነት የሰንበት ትምህርት ቤቶች ክፍል ጠይቂ።

ወጣቶቹ ጥያቄ ይዘው ነው የሚሄዱት። ፈተና ብወድቅስ? ተምሬ ሥራ ባጣስ? እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ደም ለምን ዝም ይላል? የወደድኳት ልጅ ጉዳይ ኃጢአት ነው? ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ “ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም” ነው ይላል ሉቃስ (2፥46)። እኛ ዘንድ የመስማቱ ክፍል ሞልቷል፤ የመጠየቂያው ወንበር ነው የጠፋው። በወር አንድ ቀን ስም ሳይጻፍበት ጥያቄ በወረቀት የሚገባበት፣ ሲጠየቁ የማይቆጡ አንድ አባት የሚመልሱበት ጉባኤ ብታዘጋጁስ? ጎንደር የሊቅ ድሃ አይደለችም። የሚታገሡትን መምረጥ ነው እንጂ።

ሥራም ስጧቸው፤ ከበሮ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። አቋቋም የሚባለውን የዝማሬ ትምህርት ለማስመስከር ከመላው ሀገር ደቀ መዛሙርት የሚመጡባት የበአታ ደብር ያለችው እዚያው ጎንደር ነው፤ በየደብሩም የአብነት ተማሪዎች አሉ። በእናንተም ግቢ ወይም በአቅራቢያችሁ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣት በአጠገባቸው ያልፋል፤ ሰላም ሳይባባሉ ዓመታት ያልፋሉ። አንዱ ወገን ጾመ ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ዘልቆ ሒሳብ አልተማረም፤ ሌላው አልጀብራ እየሠራ ዳዊት ማንበብ አይችልም። ዕድሜያቸው ግን አንድ ነው። ከበሮ መቺሽ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተምራቸው፤ እነርሱ ደግሞ ወረቡን ከነስልቱ፣ መቋሚያውንና ጽናጽሉን ያሳዩት። ሳሙናና ደብተር ያዋጡላቸው፤ በክረምት ጎጇቸው የሚያፈስ ከሆነ አብረው ይክደኑት። የሚያስፈልግ ሆኖ የተገኘ ወጣት “ምነው ጠፋህ?” መባልን አይጠብቅም። ከእነዚህ መካከል ነው ለሕፃናቱ መምህራን የምታገኚው።

አዳራሹን በሚመለከት፣ ዛፍ ሥር የሚያስኬደው እስከ ሰኔ መግቢያ ብቻ ነው። የጎንደር ክረምት ከጀመረ ዛፉም አያስጠልልሽም፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ ቀጠሮ አይሰጥም። ግን ከምክትል ሊቀ መንበሩ ጋር ብቻሽን አትግጠሚ። የአባትሽ ወዳጅ ናቸው፤ ጉዳዩ የቤተሰብ ቅሬታ ከሆነ ልጆቹ ተረስተው እናንተን ማስታረቅ ሥራ ይሆናል። ሰውዬውም እንደ ጠላት አይታዩ። ሕንፃ የማስጨረስ ዕዳ ትከሻቸው ላይ ነው፤ ምእመኑ በየሳምንቱ የሚጠይቃቸው ስለ ቆርቆሮው እንጂ ስለ ሕፃናቱ አይደለም። ከወላጆች መካከል አንድ ሰው ስለ ልጆቹ ጠይቋቸው ያውቃል?

ቤተ ክርስቲያናችን ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የምትመራበት ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት በተወከሉ አባላት ነው ያቋቋመው። እንግዲያው በዚያ ጉባኤ ውስጥ የእናንተ ተወካይ አለ ማለት ነው። ማን ነው? የአዳራሹን ጉዳይ በአጀንዳ አስይዞ ያውቃል? በደብዳቤሽ ስሙም ግብሩም አልተነሣም፤ ይህ ነገር አስገርሞኛል። በእርሱ በኩል አጭር ማመልከቻ አስገቡ። ሙሉ አዳራሽ አትጠይቁ፤ ሲሚንቶው ወደ አንድ ጎን ተሰብስቦ ግማሹ እንዲለቀቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት እናቶችና የንስሐ አባትሽ ፈርመውበት ይግባ። ዕቃ የማዞሩን ጉልበት ወጣቶቹ እንደሚችሉ ጻፉበት። (ሲሚንቶ ብዙ ከተቀመጠ እንደሚጠጥርና እንደሚበላሽ ምክትል ሊቀ መንበሩም ያውቃሉ፤ እሱን ግን አንቺ አትናገሪው፤ ከእናቶቹ አንዷ ትናገረው።) ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ደግሞ ቤታቸው ሄደሽ ሰላም በያቸው። ስለ አዳራሹ አታንሺ። ቡናቸውን ጠጥተሽ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቀሽ ውጪ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲበዛ ጥንቃቄም መብዛት አለበት። ማንም አስተማሪ፣ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ ካህንም ሆነ ዲያቆን፣ ከሕፃን ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ። ሁልጊዜ ሁለት አስተማሪ ይኑር፤ በሩ ክፍት ይሁን፤ ትንንሾቹ ሲያበቃ ለሚያውቁት ዘመድ በእጅ ይሰጡ። አንድ ልጅ የሚያስደነግጥ ነገር ቢነግራችሁ አትገሥጹት፤ ስሙት፣ ለወላጁና ለሚመለከተው የሕግ አካል አሳውቁ፤ የደብሩ ስም ይጠፋል ተብሎ አይሸፈን። ይህን ገና ከመጀመሪያው ለአስተማሪዎቹ ሁሉ በጽሑፍ ብትሰጧቸው ማንም በግል አይሰማውም።

ወደ አንቺ እንምጣ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዢው። ብትሄጂ ማንም እንደማይወቅስሽ፣ ልጆቹም እንደማይበተኑ ዛሬ ቢረጋገጥልሽ ምን ትሠሪያለሽ? መልሱ “በሚቀጥለው ወር ባሕር ዳር እገባለሁ” ከሆነ ያቆየሽ ፍርሃት ነው። “እንዲያም ሆኖ አንድ ዓመት ልጨምር” ከሆነ ደግሞ ፍቅር ነው፤ እሱን ግን ከእጮኛሽ ጋር ተቀምጠሽ፣ ቀን ቆርጠሽለት ነው የምትጨምሪው። ሁለት ጊዜ የጠበቀ ሰው ምን እየተሰማው እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? በደብዳቤሽ የእናትሽን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የእርሱን ግን አልሰማሁም።

ሊቀ መንበርነቱን በተመለከተ ሐሳቤን ሳልሸፍን ልንገርሽ፦ አትቀበዪው። የደከመ ሰው ላይ ሌላ ሸክም የሚጭኑ ጓደኞች ክፉ ሆነው አይደለም፤ አንቺ እምቢ ስትዪ ሰምተው ስለማያውቁ ነው። ምርጫው እስኪደርስም አትጠብቂ፤ ለአስተዳዳሪውና ለጓደኞችሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው፤ ሌላ ሰው ለማሰብ ጊዜ ያግኙ። በምትኩ ከሐምሌ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ለማስረከብ አድርጊው። ሁለት ሰው ምረጪ፤ አንዷ ከእናቶቹ፣ ሌላው ከወጣቶቹ ቢሆን እመርጣለሁ። በፍልሰታ አንቺ ታስተምሪ፣ እነርሱ ይዩ። በመስቀል እነርሱ ያስተምሩ፣ አንቺ እዪ። ኅዳር ላይ የመዝሙሩን ጥናት እነርሱ ይምሩት፤ ሲሳሳቱም አትንጠቂያቸው። የ15ቱን ደብተር የምታስረክቢው ለእነርሱ ነው። ባሕር ዳርም ደብር አላት፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም አላት። እዚያ ስትደርሺ ግን ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ተቀምጠሽ ተማሪ እንጂ ኃላፊነት አትያዢ።

ከበሮ መቺውን ልጅ በዚህ ሳምንት ፈልጊውና ስለ ሒሳቡ ትምህርት አማክሪው። የሠርጉን ቀን ስትቆርጡ ደግሞ ከጥምቀት ጥናት ጋር ይጋጭብኛል ብለሽ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳታራዝሚው፤ ከቃና ዘገሊላ በኋላ ጾሙ እስኪገባ ድረስ በቂ ቀን አለ።